ብዙ አፍ፣ አንድ ዓይን

ሰሞኑን ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከቦሌ አራብሳ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉ የነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሲዘዋወር ከርሟል። መንፈሱ ባጭሩ «ከሰፈርህ ሐሳብ አትለይ» ነው። ስድብ የለበትም፤ ቋንቋው ያምራል፤ ጸሐፊው ያነበቡ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። መልስ የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተራ ወሬ ቢሆን ኖሮ በራሱ ጊዜ ይሞት ነበር።

የሚሉት ሲጠቀለል ይህን ይመስላል። ብዙ ሰው በአንድነት የሚሰጠው ፍርድ አንድ ሰው ከሚሰጠው ይሻላል፤ ለዚህም በእንግሊዝ አገር የተደረገውን የበሬ ግምት ይጠቅሳሉ። የከተማው ዳር ሰፈር ከየአቅጣጫው ተሰባስቦ የመጣ ሰው የሚኖርበት ስለሆነ፣ እድርና ጉርብትና ካላያያዘው ሌላ የሚያያይዘው የለም፤ ስለዚህ በስብሰባ ላይ የሚቃወም ሰው ማኅበራዊ ኑሮውን ያፈርሳል። «የራሴ አቋም» የሚባለው ነገር ራስን ማታለል ነው፤ ጎረቤቱን ያልሰማ ዩቲዩብ ሰምቷልና። ተራ ሰው ሁሉን ለማጣራት ጊዜም አቅምም የለውም። አሜሪካ ውስጥ የተደረገው የመስመሮች ሙከራም ከብዙኃኑ ጋር መሄድ የሰው ተፈጥሮ መሆኑን አረጋግጧል። በመጨረሻ መሬትን ያነሣሉ፦ ሰው ሲገዛ አይተው የገበሬ ቦታ የገዙ ዛሬ ባለቤት ናቸው፣ «ቆይ ላጣራ» ያሉት ግን ዛሬም ኪራይ ይከፍላሉ።

በሬውን እናስቀድም፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና። ታሪኩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ፕሊመዝ በተባለች ከተማ በተካሄደ የከብት ትርዒት አንድ ሰንጋ ቀረበና፣ ታርዶና ተገፎ ሥጋው ስንት እንደሚመዝን በቅርበት የገመተ እንዲሸለም ተባለ። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው ተመራማሪ በኋላ የተወዳዳሪዎቹን ካርዶች አግኝቶ መረመራቸው። ሊነበቡ የቻሉት 787 ነበሩ። ከትንሹ እስከ ትልቁ ሲደረደሩ መሐል ላይ የዋለው ግምት 1,207 ፓውንድ ሲሆን ትክክለኛው ክብደት 1,198 ነበር። ልዩነቱ 4 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለንም።

ጸሐፊው የዘለሉት ውድድሩ የተካሄደበትን መንገድ ነው። ተወዳዳሪው 6 ፔንስ ከፍሎ ካርድ ይገዛል፣ በሬውን በዓይኑ ያያል፣ ግምቱን ይጽፋል፣ ያስረክባል።  ከመካከላቸው ተነሥቶ «እኔ በሥጋ ንግድ 30 ዓመት ቆይቻለሁ፣ ይህ በሬ ከ1,500 አያንስም» ብሎ ንግግር ያደረገ የተከበረ ሰው አልነበረም። ጋልተን ራሱ ግምቶቹ የስሜትና የአንደበተ ርቱዕነት ጫና ያልነካቸው መሆናቸውን በጽሑፉ አንሥቷል፤ የካርዱ ዋጋም ቀልደኛውን አርቆታል። ጸሐፊው «የብዙኃን ጥበብ» ያሉት ነገር እንግዲህ የተገኘው 787ቱ ግምቶች ያለ ንግግር ጫና፣ እያንዳንዱ በየካርዱ ስለተጻፉ ነው።

ይህ ለምን ለውጥ እንደሚያመጣ በቁጥር ማየት ይቻላል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ስሌት እንሂድ። 41 ሰው የሚሰበሰብበት የብሎክ ስብሰባ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቢፈርድ ከመቶ 60 ጊዜ ትክክል ይሆናል። 41ዱም ለየብቻ ፈርደው ድምፅ ቢቆጠር የብዙኃኑ ውሳኔ ከመቶ 90 ጊዜ ገደማ ትክክል ይወጣል። ነገር ግን 40ዎቹ የመጀመሪያውን ተናጋሪ ተከትለው እጅ ቢያወጡ፣ የስብሰባው ፍርድ የአንዱ ሰው ፍርድ ብቻ ይሆናል፤ ከመቶ 60። ሰዉ ያው ነው፤ አዳራሹም ያው፤ የጠፋው የ40 ሰው ዓይን ነው። ሌላም ጣጣ አለ። በጉዳዩ ላይ አብዛኛው ሰው የተሳሳተ መረጃ ይዞ እያንዳንዱ ትክክል የሚሆነው ከመቶ 40 ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩ በበዛ መጠን ስሕተቱ ይበልጥ እርግጠኛ እየሆነ ይሄዳል። «ብዙ ሰው አይሳሳትም» የሚለው እንግዲህ ቅድመ ሁኔታው ተቆርጦ የቀረ አባባል ነው።

መሰማማት ፍርድን እንዴት እንደሚያዛባ በደንብ የሚያሳየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመው የዘፈን ሙከራ ነው። ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን ኢንተርኔት ላይ 48 የማይታወቁ ዘፈኖችን እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲያወርዱ አደረጉ። አንዱ ቡድን ሌሎች ምን እንዳወረዱ አያይም። ሌሎቹ በ8 «ዓለማት» ተከፍለው በየዓለማቸው የወረደውን ብዛት ያያሉ። በጣም ግሩም የሆኑት ዘፈኖች ከስንት አንዴ ካልሆነ አልወደቁም፣ በጣም የደከሙትም ከስንት አንዴ ካልሆነ አልነገሡም። በመካከል ያሉት ግን የዕጣ ጉዳይ ሆኑ፤ አንዱ ዘፈን በአንዱ ዓለም 1ኛ ሲወጣ በሌላው 40ኛ ሆኗል። ዘፈኑ አልተለወጠም። የተለወጠው መጀመሪያ የገቡት ጥቂት ሰዎች ያደረጉት ነው። የሰፈር ጉዳይም በአብዛኛው እንደነዚያ መካከለኛ ዘፈኖች ነው፤ ግልጽ ጥሩም ግልጽ መጥፎም አይደለም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የተናገረው ይወስነዋል።

ጸሐፊው ራሳቸው ያመጡት ምሳሌም ለዚህ ይጠቅመናል። «በአንድ ብሎክ ያሉ 40 አባወራዎች ቆጣሪው ይዘላል ካሉ፣ ቆጣሪው ይዘላል» ይላሉ። ከ40ዎቹ ስንቱ ለኩ? ይህ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «ሁሉም ይላል» ነው። የውሃ ቆጣሪን መፈተሽ ግን መሐንዲስ አይጠይቅም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ ሚዛንና ሩብ ሰዓት ይበቃል።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ይዘጋል፤ የሽንት ቤቱን የውሃ ሳጥን የሚሞላው ትንሽ መዝጊያ ግን ለጊዜው ክፍት ይቆይ። ከዚያ ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችው ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን የመሰለች ትንሽ ጎማ ትታያለች። ሁሉም ተዘግቶ እሷ የምትዞር ከሆነ ውሃ ከቆጣሪው በኋላ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የሽንት ቤቱ መዝጊያ ሲዘጋ ከቆመች ሌባው ተገኘ፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጎማ አልቋል ወይም ተንሳፋፊው ውሃውን በወቅቱ አይዘጋም። በሰዓት 10 ሊትር ብቻ የሚያፈስ ሽንት ቤት በ30 ቀን 7,200 ሊትር፣ ማለትም 7.2 ሜትር ኪዩብ ያስቆጥራል። ድምፅ ስለሌለው ማንም አይጠረጥረውም።

ጎማዋ ከቆመች ወደ ልኬቱ ይታለፋል። በቆጣሪው ላይ ጥቁሮቹ አኃዞች ሜትር ኪዩብ ናቸው፤ ቀዮቹ፣ ወይም በአንዳንዱ ቆጣሪ ቀዮቹ ትናንሽ መርፌዎች፣ ከዚያ በታች ያለውን ይቆጥራሉ። ንባቡን መዝግቦ 5 ጄሪካን መቅዳት ነው፤ 100 ሊትር ማለት ነው። ከጥቁሮቹ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቀይ አኃዝ አንድ ቁጥር ብቻ መጨመር አለበት። ዓለም አቀፉ መለኪያ ለተለመደው አዲስ የቤት ቆጣሪ በመደበኛ ፍሰት ላይ 2 በመቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይፈቅድለታል፤ ስለዚህ 98 ወይም 102 ቢያነብ ጤነኛ ነው። 115 ካነበበ ግን አቤት የሚያሰኝ ነገር ተገኘ።

ይህ ፈተና የሚበላሽበት መንገድ አለ። ጄሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር በላይ ይይዛል፤ በእያንዳንዱ 1 ሊትር ቢተርፍ በአምስቱ 5 ሊትር ይሆንና ጤነኛውን ቆጣሪ ይከስሰዋል። መፍትሔው ባዶውን መዝኖ ውሃው 20 ኪሎ ሲሆን ማቆም ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናልና። ሁለተኛው አየር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስመሩ ባዶ ሆኖ ይቆይና ውሃው ሲመለስ አየሩን እየገፋ ይመጣል፤ ቧንቧው የሚያፏጨውና የሚተፋው ለዚህ ነው። አየሩም ቆጣሪውን ያዞራል። ስለዚህ ፈተናው ውሃው በመጣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አይደረግም።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር እንቀበል፤ የ40ዎቹ ጥርጣሬ ከምንም የመጣ አይደለም። አየሩ እውነት ያስቆጥራል። ነገር ግን «ቆጣሪው ይዘላል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ልዩ ልዩ ችግሮችን በአንድ ከረጢት ከቶ ነበር፦ የሚያፈስ ሽንት ቤት፣ በባዶ መስመር የሚገፋ አየር፣ ምናልባትም በእርግጥ የተበላሸ ቆጣሪ። የመጀመሪያው የጎማ ቅያሪ ይፈልጋል። ሁለተኛውን ውሃ ሲጠፋ ዋናውን መዝጊያ ዘግቶ፣ ከመጣ በኋላ ቆይቶ ቀስ ብሎ መክፈት ይቀንሰዋል። ሦስተኛው ብቻ ነው አቤቱታ የሚሻው፤ እሱም 40 ፊርማ ካለበት ይልቅ የ6 ቤት ልኬት የተያያዘበት ቢሆን ይሻለዋል። ሁሉም አንድ ቃል እየደገመ ሲስማማ የጠፋው ይህ ልዩነት ነው።

የቴሌግራሙ ወሬም በዚሁ ዓይን ይታይ። አንድ መልእክት ከአምስት ግሩፕ ሲደርስ አምስት ምስክር ይመስላል። ቃሉ በቃሉ ከሆነ፣ የተሳሳተው ፊደል እንኳ ሳይታረም ከደረሰ፣ ምንጩ አንድ ነው። ከየት እንደተላለፈ የሚያሳየውን የላይኛውን መስመር ተጭኖ ወደ ኋላ መሄድ፤ እዚያም ካልተገኘ «ማን አየ? የት? መቼ?» ብሎ መጠየቅ። አምስቱም «ከግሩፕ ነው ያገኘሁት» ካሉ ያየ ሰው ገና አልተገኘም። (ደግሞ ሁሉም ወሬ ይጣራ ማለት አይደለም። «ነገ ውሃ ይጠፋል» የሚለውን ሳያምኑም ጄሪካን መሙላት ይቻላል፤ ኪሳራ የለውም።)

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ እድሩ እንለፍ። ጸሐፊው እዚህ ጋ ትልቅ እውነት ይዘዋል። በዕጣ ወጥቶለት ከፒያሳም ከመርካቶም ከልደታም ተነቅሎ የመጣ ሰው አንድ ኮሪደር ላይ ሲገናኝ፣ የሚያስተዋውቀው ለቅሶና ቡና ነው። ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ሬሳ የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል። ይህን የናቀ ኋላ ይቆጨዋል።

ስሕተታቸው ለቅሶ መድረስንና እጅ ማውጣትን አንድ ማድረጋቸው ነው። የትኛውም እድር መተዳደሪያ ደንብ ተገልጦ ይታይ። ብዙውን ጊዜ የሚያስቀጣው ወርኃዊ መዋጮ ማሳለፍ ነው፣ ቀብር መቅረት ነው፣ የእድሩን ዕቃ ሰብሮ አለመተካት ነው። በስብሰባ «እኔ አልተስማማሁም» ያለ ይቀጣል የሚል አንቀጽ ግን ከየት ይመጣል? ሰዎች የሚፈሩት ደንቡን ሳይሆን ይሉኝታን ነው። ይሉኝታም ቦታ አለው፤ ሐዘንተኛ ፊት የሚባልና የማይባል አለ። የዘበኛው ደመወዝ ስንት ይሁን፣ የአጥሩን ሥራ ማን ይውሰድ በሚለው ላይ ግን ይሉኝታ ሲገባ ገንዘብ ያስበላል።

ደግሞም አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። በአውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ በአፈርሳታ፣ የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና የጠፋው ንብረት ወይም የተፈጸመው ወንጀል እስኪወጣ ይቆያል። ግን በአደባባይ እጅ አውጡ አይባልም፤ ሰዉ አንድ በአንድ ለተመረጡት ሽማግሌዎች ቀርቦ የሚያውቀውን ይናገራል፣ ስሙም እንዲሸሸግለት ይደረጋል። ሥርዓቱ አስገዳጅ ነበር፤ ሰው ከሥራው ተከልክሎ ቀናት ይቀመጥበት ነበርና እንመለስበት የሚል የለም። ነገር ግን አንድ ሰው በሕዝብ ፊት የሚለውና ለብቻው የሚለው እንደሚለያይ በደንብ የተረዳ ሥርዓት ነው።

ይህንኑ ዛሬ በአንድ የብሎክ ስብሰባ ላይ እንዴት ማድረግ ይቻላል? ለምሳሌ 40 ቤት ለግቢ አጥር በየቤቱ 6,000 ብር፣ በጠቅላላው 240,000 ብር ያዋጣ ተብሏል እንበል። ጥያቄው ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ ይለጠፋል፤ ቢያንስ ሁለት ፕሮፎርማ ተያይዞበት፣ አጥሩ ስንት ሜትር እንደሆነ ተለክቶ። በስብሰባው ዕለት ማንም ከመናገሩ በፊት ለእያንዳንዱ ቤት የአንድ ወረቀት ሩብ ይታደላል፤ 10 ሉክ ወረቀት ለ40 ይበቃል። «ይሠራ»፣ «አይሠራ» ወይም «አልገባኝም» እና አንድ ምክንያት ይጻፋል፣ ስም አይጻፍም። ወረቀቶቹን የሚያነብበው ሰብሳቢው ሳይሆን ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው። ከዚያ ውይይት፤ በውይይቱም አነስተኛ ድምፅ ያገኘው ወገን ምክንያት ይቀድማል፣ ሰብሳቢውና በዕድሜ የገፉት ሰው መጨረሻ ይናገራሉ። ትልቅ ሰው መጨረሻ መናገሩ ክብር ያንሰዋል የሚል ካለ፣ በሽምግልና ዋናው ሽማግሌ መቼ እንደሚናገር ያስታውስ። ከውይይቱ በኋላ በድጋሚ በወረቀት ድምፅ ይሰጣል።

ችግርም አይጠፋም። መጻፍ የማይችሉ እናት አባት ካሉ ለሁሉም አንድ ባቄላና አንድ ሽምብራ ይሰጥ፤ ባቄላው «ይሠራ»፣ ሽምብራው «አይሠራ»። ሁሉም እጁን ከረጢት ውስጥ አግብቶ አንዱን ይጥላል፣ የቀረውን ደግሞ በሌላ ከረጢት። ከረጢቱ ጨርቅ ይሁን፤ ቆርቆሮ ከሆነ ባቄላና ሽምብራ በድምፃቸው ይለያሉ። ሁለተኛው ችግር ተከራዩ ነው። በዳር ያሉት ሰፈሮች ብዙ ቤት በተከራይ የተያዘ ነው፤ ማታ በጨለማው በር የሚገባው እሱ ሆኖ ሳለ ድምፁ አይጠየቅም። ድምፅ ባይሰጠው እንኳ ወረቀቱ ይሰጠው። ሦስተኛው ቃለ ጉባኤው ነው። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለው ልማድ ይቅርና «28 ድጋፍ፣ 9 ተቃውሞ፣ 3 አልገባኝም» ተብሎ ይጻፍ። ከዓመት በኋላ አጥሩ ሲዘም «ሁላችንም ተስማምተን ነበር» የሚል መከላከያ እንዳይኖር።

ስብሰባው እንደዚህ ባይመራም ለብቻው የሚለይ ሰው የሚያደርገው አለ። መዋጮውን ከሁሉ አስቀድሞ መክፈል፤ በለቅሶ የማይቀር ሰው በስብሰባ ቢለይ «ድሮም እንዲህ ነው» አይባልም። ከመቃወም ይልቅ መጠየቅ፦ «ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ አጥር ያስፈልገናል፤ እኔ ያልገባኝ ሜትሩ በስንት እንደተሰላ ነው።» ከስብሰባው በፊት ደግሞ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ማነጋገር። ለምን አንድ እንደሚበቃ ከዚህ በታች ከመስመሮቹ ሙከራ ጋር ይመጣል።

ሦስተኛውን፣ «የራስ ሐሳብ የለም፣ ጎረቤቱን ያልሰማ ዩቲዩብ ሰምቷል» የሚለውን፣ ግማሹን እንቀበላለን። ማንም ሐሳቡን ከባዶ አይፈጥርም፤ ሰፈሩን ንቆ የአንድ ዩቲዩበርን ቃል የሚደግምም ተከታይ ነው። ግን የሐሳብ ባለቤትነት የሚለካው ከየት እንደመጣ ሳይሆን መያዣው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። ቀላል መፈተኛ አለ፦ ወደ ቡናው ወይም ወደ ስብሰባው ከመሄድ በፊት ስልክ ላይ ሦስት መስመር መጻፍ። ምን ይመስለኛል፤ ከ10 ስንት እርግጠኛ ነኝ፤ ምን ባይ እለወጣለሁ። ሦስተኛውን መሙላት ያልቻለ ሰው ሐሳቡን ከጎረቤትም ያምጣው ከዩቲዩብ ገና የራሱ አላደረገውም። ስንመለስ የተጻፈው ይታይ፤ ከ8 ወደ 3 ከወረደ በምን ምክንያት? አዲስ ነገር ሰምቶ ከሆነ ተማረ። አዲስ ነገር ሳይሰማ ከሆነ የወረደው ከሰው ፊት ብዛት የተነሣ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ለዚህ ነው።

ጊዜ የለም ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ሁሉም ነገር ይጣራ ያለ የለም። የትኛው ወፍጮ ቤት ጥሩ እንደሚፈጭ ሰፈሩን መከተል ብልህነት ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዷ ሴት ዱቄቱን አቡክታ እንጀራውን ጋግራ አይታ ነው የምትመለሰው፤ ወረፋው የብዙ ልኬት ድምር ነው። ማጣራት የሚያስፈልገው ከሦስት አንዱ ሲኖር ነው፦ ወደ ኋላ የማይመለስ ከሆነ፣ ከአንድ ወር ገቢ በላይ ከወሰደ፣ ወይም የልጅን ጤና ከነካ። «ሰው አስገባና ገንዘብህ እጥፍ ይሆናል» የሚለው ወረፋ ከወፍጮ ቤቱ ወረፋ ጋር አንድ መስሎ ይታያል፤ ቀድመው የገቡት በእርግጥ ተከፍሏቸዋልና ምስክርነታቸው እውነት ነው። ግን አምስት ደቂቃና ወረቀት ብቻ ይበቃል። አንዱ 6 ሰው ያስገባ፣ ስድስቱም 6፣ 6። 6፣ 36፣ 216፣ 1,296፣ 7,776፣ 46,656፣ 279,936፣ 1,679,616። 9ኛው ደረጃ 10,077,696 ሰው ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ያን ያህል ሕዝብ የላትም። 13ኛው ከ13 ቢሊዮን ይበልጣል፤ ምድርም ያን ያህል የላትም። ስንት ጎረቤት መሰከረ የሚለው ይህን ስሌት አይለውጠውም።

የመስመሮቹን ሙከራ ጸሐፊው በግማሹ ነው ያነበቡት። ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ተማሪን ምን እንደሚሉ አስቀድሞ ከነገራቸው ተባባሪዎቹ መካከል አስቀምጦ የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድር ያደርገው ነበር። ተባባሪዎቹ በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን ሲሉ ተፈታኞቹ ከመልሶቻቸው ሲሶ በሚሆነው ተከተሏቸው። ማለትም ሁለት ሦስተኛው መልስ ብዙኃኑን ተቃርኖ ትክክል ነበር፤ ከአራት ተፈታኞች አንዱ ገደማም አንድ ጊዜ እንኳ አልተከተለም። ይህ «ተፈጥሮ ነው፣ አትታገሉት» የሚያሰኝ ውጤት አይደለም። የሚበልጠው ደግሞ ዝርዝሩ ነው። አንድ ሰው ብቻ ሲቃረን ጫናው ከቁጥር አይገባም፤ ሁለት ሲሆኑ ከመልሱ 13.6 በመቶ ተሳሳተ፤ ሦስት ሲሆኑ 31.8። ከዚያ በላይ ቁጥር ቢጨመር ብዙም ለውጥ አላመጣም። በስብሰባ ላይ ሦስተኛው ራስ ሲነቀነቅ ሥራው አልቋል ማለት ነው። ተፈታኙ አጠገብ እውነቱን የሚናገር አንድ አጋር ሲቀመጥለት ግን ስሕተቱ ወደ ሩብ ወረደ። ከስብሰባው በፊት አንድ ሰው አነጋግሩ ያልነው በዚህ ምክንያት ነው። መልሱን በጽሑፍ ብቻ እንዲሰጥ ሲደረግም በእጅጉ ቀነሰ፤ የወረቀቱ ሩብም ከዚህ የመጣ ነው።

መሬቱ ቀረ። የገበሬ ቦታ የገዙ ባለቤት ሆኑ፣ ያጣሩ ተከራይ ቀሩ ይላሉ። ቡና ላይ የሚቆጠሩት ግን ቤታቸው የቆመላቸው ብቻ ናቸው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ለገዳዲ ላይ ሕገ ወጥ ተብለው ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ከዚያ ሰፈር ተበትነዋል፤ የዚያ ሰፈር ቡና ላይ ስለሌሉ አይቆጠሩም። እርምጃው ፍትሐዊ ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እዚህ ላይ የሚበቃን፣ «ሁሉም ሠርቷል» የሚለው አንዱንም ቤት እንዳላዳነ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንኡስ አንቀጽ 3 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ደላላው ስንት ጎረቤት ቢያስመሰክር በባዶ ቦታ ላይ የሚጻፍ የሽያጭ ውል ይህን አያልፍም።

ካርታ ያለው ቤት ለመግዛት የሚያጣራ ሰው የሚያደርገውም ዓመት አይፈጅም። የካርታውን ቅጂ ይቀበላል፤ በካርታው ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር እስከ አያት ስም መግጠሙን ያያል። ሻጩን ይዞ፣ ደላላውን ሳይሆን ሻጩን፣ ይዞታው ወደተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ካርታው ከማኅደሩ ጋር አንድ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ይጠይቃል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ውርስ ከሆነ የወራሾቹ ሁሉ። ቦታው ላይ ቆሞ የካርታውን ስፋት በሜትር ይለካል። ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት እስኪፈረም ቀብድ የሚባለውን ያሳንሳል። ብዙው ነገር የሚበላሸው ቀብዱ ላይ ነው፤ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ተብሎ ማታ ይከፈልና ጠዋት ማጣራት ይጀመራል። ከዚያ በኋላ የሚያጣራው ሰው እውነቱን ሳይሆን ገንዘቡን የሚያድን መልስ ይፈልጋል።

አጣርቶ የቀረ ሰው ዋጋ አይከፍልም አንልም። ኪራይ በየዓመቱ ሲጨምር፣ ጎረቤቱ በወረቀት አልባ ቦታ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ሲሠራ እያየ መቀመጥ ያማል፤ ጸሐፊው ይህን ሕመም በትክክል ነው የጻፉት። ነገር ግን «ባለቤት ሆነዋል» ካሏቸው ሰዎች ስንቱ ካርታ በእጃቸው እንዳለ አልነገሩንም። በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ያንን ቢጨምሩ ክርክሩ ከዚያ ይቀጥላል።